የተመረቀው ድልድይ

ድልድዩ ተሠርቶ ማለቁን ፀሐይነሽ የሰማችው ቁርስ ላይ ነው። የነገሯት የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ቢተው ናቸው። አቶ ቢተው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ፕላን ክፍል ይሠራሉ፤ ከሚስታቸው ከተለያዩ ወዲህ በዚሁ ግቢ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ቁርሳቸውን ግን እዚህ፣ የወንድማቸው ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው የሚበሉት። ሐምሌ ገብቶ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል። ፍርፍሩን ጎረስ እያደረጉ፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሱ፣ «የእናንተ ድልድይ እኮ አልቋል» አሏት። ፀሐይነሽ ሳቀች። ወዲያው ግን ሰውየው ቀልድ እንደማያውቁ ትዝ አላት፤ ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳ፣ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ፣ እሳቸው ምን ተብሎ እንደተሳቀ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ።

«ምን ማለትዎ ነው፣ ጋሼ?»

«በዘንድሮው ሪፖርት ተሠርቶ ተመርቋል ተብሎ ገብቷል። ያለቀ ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም። ዛሬ ምክር ቤት ስብሰባው ላይ ስትሰሚው እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።» ከዚያ ሻያቸውን ፉት አሉና ስኳር ስንት እንደገባ ጠየቋት። እሷም ልማድ ሆኖባት ኪሎው መቶ ሠላሳ መግባቱን ነገረቻቸው።

ያለው ነገር ይኸው ነው፦ ከሰፈሩ ሥር ወንዝ አለ፤ ወንዙን ተሻግረው ትንሽ እንደሄዱ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር ይጀምራል። በበጋ ወንዙ ወንዝ ለመባልም ያፍራል፤ ፌስታልና የሳሙና አረፋ ይዞ ነው የሚያዘግመው። በክረምት ግን ከላይ የት እንደዘነበ ሳይታወቅ ድንገት ይሞላል። የሰፈሩ ሴት ልጆች ግማሾቹ ፓርኩ ውስጥ ጋርመንት፣ የልብስ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት፤ የፀሐይነሽ ልጅ ሀይሚም አንዷ ናት። በእግር ከተሻገሩ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በአስፋልት ልዙር ያለች ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ ሁለት ታክሲ ደርሶ መልስ ማለት ደግሞ ደመወዝን ለሾፌርና ለረዳት ማከፋፈል ነው። አምና ነሐሴ ላይ ከወላይታ የመጣች አንዲት ተከራይ ልጅ ውሃው ወስዷት ታች ድንጋይ ላይ ተገኘች። አስከሬኗን አገሯ ድረስ የሸኛት የሰፈሩ እድር ነው። ከዚያ በኋላ ሰዉ አዋጥቶ ባሕር ዛፍ አጋደመ፣ ጣውላ መታ፣ በአንድ በኩል መያዣ እንዲሆን ገመድ ዘረጋ። ሲረግጡት ያረገርጋል፤ ቢሆንም ያሻግራል።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጥፋት ከተባለ። ጥር ላይ የወረዳው ኃላፊዎች ጣውላውን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ሰፈሩ ተሰብስቦ መከረ። አንዳንዱ የሞተችውን ልጅ ፎቶ ይዘን እንጠብቃቸው አለ። እምቢ ያለችው ፀሐይነሽ ናት። «እንግዳ በለቅሶ አይቀበሉም» አለች፤ «ካከበርናቸው ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ይሉኝታ የያዘው ሰው ዝም ብሎ አይሄድም።» ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልክ ናት አለ፤ በዚህ አገር ይሉኝታ የማይገባው ሰው አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ድፎ ዳቦ ተደፋ፣ ባለሱቁ ሀይደር አንድ ሣጥን ለስላሳ አወጣ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ደግሞ ጣውላው መግቢያ ላይ ቀይ ሪባን አሰረ። ሪባን ከታሰረ መቀስ ያስፈልጋል። መቀሱን በሳህን ይዛ የቀረበችው፣ የምክር ቤት አባል ናትና፣ ፀሐይነሽ ነበረች፣ በሐበሻ ቀሚሷ። ኃላፊው ቆረጠ፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ አብሯቸው የመጣው ባለካሜራ ፎቶ አነሳ። እንግዶቹ ዳቦውን ቀምሰው፣ ጣውላውን ግን ሳይረግጡ፣ ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ሀይደር ያን ቀን ማታ «ሲስቁ አየሻቸው? ገብቷቸዋል» ብሏት ነበር። እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ የሐምሌን በጀት ስትጠብቅ ከረመች።

«እርስዎ እያወቁት፣ ጋሼ?» አለች አሁን።

«እኔ የመጣልኝን ነው የማጠናቅረው። ፎቶ አለው፣ ሪባን አለው፣ የሕዝብ ምስጋና አለው። ምን ብዬ ልመልሰው?» አቶ ቢተው አፋቸውን ጠረጉ። «ዝም አይነቅዝም፣ ፀሐይ። ገብተሽ እጅሽን አውጪና ነይ። ነገሩ ባለበት ይቀመጥ።»

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ነው የቀራቸው። ፀሐይነሽ ምክሩን በዚህ ተረጎመችው፤ ለጡረታቸው ፈርተው ነው አለች በሆዷ። ጮክ ብላ ግን ምንም አላለችም። ባሏ ከሞተ በኋላ ሀይሚን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥባትን የመንገድ ዳር ቤት ውል የተፈራረሙላትም፣ ስሟን ለምክር ቤት ያስጠቆሙትም እሳቸው ናቸው። ሳህኑን አንስታ ገባች። እሳቸውም ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ቤት ሰው የሚጣላው እንዲህ ነው፣ ድምፅ ሳይሰማ።

የወረዳው አዳራሽ ለበጀት ቀን ተሞሽሮ ነበር። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፤ መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ከግድግዳው ጋር የተጠጋው ጀኔሬተር መብራት እንዳይጠፋ ከወዲሁ ያጓራል። ተመራጮቹ እርጥብ ጃንጥላቸውን በር ላይ እያራገፉ ሲገቡ ወሬው ስለ ዘይት ነው፣ ስለ ልጅ ውጤት ነው፣ እገሌ ሰፈሩ ለልማት ተነስቶ የት እንደደረሰ ነው። አፈ ጉባኤው ተክለብርሃን ገና ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሁሉንም ሰው እህታችን ወንድማችን የሚል። እሱ ከፈተ፤ የፋይናንስ ኃላፊው አነበበ። ይህን ያህል ለደመወዝ፣ ይህን ያህል ለመንገድ ዳር መብራት፣ ይህን ያህል ለአረንጓዴ ቦታ፣ ይህን ያህል ለዚሁ አዳራሽ እድሳት። ቁጥሩ ሲነበብ አዳራሹ ግዕዝ እንደማይሰማ ምእመን በጸጥታ ያዳምጣል፤ መቆም ሲገባው ይቆማል፣ ማጨብጨብ ሲገባው ያጨበጭባል። ፀሐይነሽም ባለፉት ዓመታት እንዲሁ ስታደርግ ነው የኖረችው፤ በሌላው ሰፈር ሳይሠራ የቀረ ነገር ስለመኖሩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

ከዚያ «ተጠናቀው ለአገልግሎት ክፍት የሆኑ» ተባለና ግድግዳው ላይ ፎቶ መታየት ጀመረ። የተቀባ አጥር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ቀጥሎም እሷ ራሷ፣ ግድግዳ አክላ፣ መቀስ በሳህን ይዛ፣ ጥርሷን ገልጣ። ከጀርባዋ ሪባኑ እንጂ ጣውላው አይታይም። አጠገቧ የተቀመጠችው ወይዘሮ ወርቄ በክርኗ ነካ አድርጋት «ውይ እንዴት አምሮብሽ ነበር፣ ቀሚሱን የት አሠራሽው?» አለቻት። ሰዉ አጨበጨበ። ፀሐይነሽ አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ተናደደች፤ ንዴቱ ደግሞ በማን ላይ እንደሆነ ስታጣው ባሰባት። ሀይሚ ዛሬ ንጋት ላይ በዚያ ጣውላ ላይ እየተንገዳገደች ሄዳለች፤ ከሰዓት ትመለስበታለች፤ ነሐሴ ደግሞ ገና ከፊት ነው። አስተያየት ያለው ሲባል እጇን አወጣች። ከኋላ ከባለሙያዎቹ መደዳ አቶ ቢተው ቀስ ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየች፣ ተይ በሚል። አልተወችም።

«መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅ ማጉያው ጮኸባትና ትንሽ ቆመች። «ድልድይ የለም። ያለው እኛው ያጋደምነው ባሕር ዛፍ ነው። ጣውላው በስብሷል፣ ሚስማሩ ለቋል፣ አንደኛው ጫፍ አፈሩ ተሸርሽሮ ተንጠልጥሏል። ልጆቻችን በጨለማ የሚሄዱት በዚያ ላይ ነው፤ የኔም ልጅ አለችበት። አምና ሰው ሞቶብናል። ዘንድሮም ቢሞት፣ ተሠርቷል ያላችሁት እናንተ፣ ያጨበጨብነውም እኛ ነን።»

ተክለብርሃን ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ከአንድ ሰው ጋር ተንሾካሾከ፤ ሰውየው ስልኩን ይዞ ወጣ። ከዚያ አፈ ጉባኤው በእርጋታ፣ ፈገግ ብሎ፣ ንግግር አደረገ። እህታችን ያነሱት የሕዝብ ደህንነት ጉዳይ ነው፤ የሕዝብ ደህንነት ለነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ባለሙያ ይላካል፣ ዛሬውኑ እርምጃ ይወሰዳል፤ ሕዝብ የመረጠው ሰው እንዲህ ደፋር ሲሆን ደስ ይላል፤ እንኳን ደፈሩ። ጭብጨባው ከበፊቶቹ ሁሉ በለጠ። ወርቄ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ፀሐይነሽ ተቀመጠች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ይኸን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ አምና እናገር ነበር ብላ አሰበች።

ወዲያው ድምፅ ተጠየቀ። የምትደግፉ ሲባል እጆች ብድግ ብድግ አሉ። ፀሐይነሽ ትንሽ ተወላወለች። በጀቱ ውስጥ ድልድዩ አሁንም ያለቀ ነው፤ ይህን ታውቃለች። ግን በአደባባይ ያመሰገናትን፣ ዛሬውኑ ያላትን ሰው፣ በዚያው ደቂቃ እንዴት ብላ እጅ ትነፍገዋለች? ተክለብርሃን ደግሞ ወደ እሷ እያየ ነው፣ በዚያ በጨዋ ፈገግታው። ይሉኝታ ያዛት። እጇን አወጣች። በጀቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ምሳ ተዘጋጅቷል ተባለ።

ምሳውን አልጠበቀችም። መገናኛ የሚሄደውን ታክሲ ከበሩ ላይ ይዛ፣ መንገድ ላይ ወርዳ ሌላ ቀይራ፣ ገና ሳትደርስ ለሀይደር ደወለች። «ዛሬውኑ ብለዋል፣ ባለሙያ ይልካሉ» አለችው። ሀይደር «አልሐምዱሊላህ» አለና ሱቁ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ነገረ። ሰፈር ስትደርስ በየበሩ እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል፤ አንዲት አሮጊት ግንባሯን ሳሟት። ፀሐይነሽ ቤቷ ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ስላልቀመሰች ቀዝቃዛውን ፍርፍር ከድስቱ በላች፤ ሀይሚ ስትመጣ እንዴት እንደምትነግራት እያሰበች ብቻዋን ፈገግ አለች። ልጅቱ ከእናቷ ምክር ቤት አባልነት ያገኘችው ነገር ቢኖር የጓደኞቿ ፌዝ ብቻ ነው። ለዛሬ እንኳ ትኮራብኝ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፒክአፕ መኪና ወንዙ ጫፍ ድረስ መጣ። ከፊት የደህንነት ቆብ ያደረገ ወጣት ባለሙያ ወረደ፣ ከኋላ ዲጂኖና ገመድ የያዙ ሠራተኞች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መንግሥት በሰዓታት ውስጥ ሲደርስ ማን አይቶ ያውቃል? ፀሐይነሽ የታሸገ ውሃ ከሀይደር ሱቅ ይዛ ሮጠች፤ ባለሙያው አመስግኖ ጠጣ። ጣውላውን አንዴ ረገጠው፣ ሲወዛወዝ ወደ ኋላ አለ፣ በሁለት በኩል ፎቶ አነሳ፣ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሠራተኞቹ ዲጂኖአቸውን ከጣውላው ሥር ሰደው ይነቅሉት ጀመር። ሰዉ መጀመሪያ ዝም ብሎ አየ፤ አሮጌው ተነስቶ አዲሱ ሊተከል ነው ብሎ ነው። እርጥብ ጣውላ ሲነቀል ድምፁ ጆሮ ይነድላል። ባሕር ዛፎቹ መኪናው ላይ ሲጫኑ ነው ፀሐይነሽ ጠጋ ብላ የጠየቀችው።

«አዲሱ መቼ ነው የሚጀመረው፣ ወንድሜ?»

«አዲስ የሚባል እኔ ጋ የለም» አለ ባለሙያው፤ ትሕትና አልጎደለውም። «ደህንነቱ ያልተረጋገጠ መሻገሪያ ስለሆነ ይነሳ ነው የተባልኩት። ዛሬ ምክር ቤት ላይ አንዲት ተመራጭ አንስተውት ነው አሉ። በአስቸኳይ ተብሏል።»

ፀሐይነሽ ከሰዉ ገለል ብላ ለአቶ ቢተው ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ነገረቻቸው። «ተሠርቷል እያሉ ያንን ጣውላ የሚነካው አልነበረም» አሏት። «ቢነኩት የራሳቸውን ሪፖርት ነው የሚነኩት። ዝም በይ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። አሁን ግን ባለቤት የሌለው፣ አደገኛ ነው ተባለ፤ አንቺው ነሽ ያልሽላቸው።»

«ለምን እንዲህ ብለው አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ቁርስ ላይ ነበርን» አሉ አቶ ቢተው። ሌላ አልጨመሩም። ምናልባት ለሳቸው መልሱ ይኸው ነበር፤ በዚያ ቤት ከስኳር ዋጋ ያለፈ ነገር ተብራርቶ ተነግሮ አያውቅም።

ስትመለስ መኪናው ሄዷል። ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። ቀደም ሲል ግንባሯን የሳሟት አሮጊት ወደ ሌላ ያያሉ። ሀይደር ብቻውን ጠርዙ ላይ ቆሞ ውሃውን ያያል፤ ከላይ ሳይዘንብ አልቀረም፣ ወንዙ ወደ ቡና ዓይነት ቀለም ተለውጦ ድንጋዮቹን መሸፈን ጀምሯል። ፀሐይነሽ አጠገቡ ቆመች።

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው፣ ሀይደር።»

«እውነቱን ንገሪልን ብሎ የላከሽ ማን ነው?» አለ ሀይደር፤ አልጮኸም፣ ጎረቤት ነውና ሊያስቀይማትም አልፈለገም። «እኛ ድልድይ አምጪልን ነው ያልንሽ።»

ሊመሽ ሲል ልጆቹ ከማዶ መታየት ጀመሩ። ከፈረቃ የወጡ ናቸው፤ ሦስት አራት እየሆኑ፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘው፣ የምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ እየተሳሳቁ መጡና ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ቆመ። አንዳንዷ መንገድ የተሳሳተች መስሏት ወደ ላይና ወደ ታች አየች። ከወዲህ በኩል ሰዉ እጁን ያወናጭፋል፣ በአስፋልት ዙሩ ይላል፤ የውሃው ድምፅ ይውጠዋል። የሀይደር እህት ልጅ ሳምራዊት ደፋር ናት፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና ገባች። ሁለት እርምጃ ስትሄድ ውሃው ጭኗ ላይ ደረሰ፤ በሦስተኛው አዘነበላት፤ ጫማዎቹ ከእጇ ወጥተው ሄዱ። ጓደኞቿ ነጠላ ወርውረው ጎትተው አወጧት። ሀይደር ከወዲህ በኩል እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ መግባቱን ያወቀው ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የሞከረች የለችም። ሳምራዊት በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ከዚህ ይታያል።

የፀሐይነሽ ስልክ ጠራ። ሀይሚ ናት። ማዶ ከጓደኞቿ ኋላ ቆማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፤ እናቷም እያየቻት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ድሮ ቢሆን ቡና ጠጡ ተብሎ የሚጠራሩበት ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ከሥራ ልጆች ጋር አድራለሁ። ፋብሪካው በር ላይ የተከራዩ አሉ።»

«እሺ፣ የኔ ልጅ። ነገ በአስፋልት ነይ። ለታክሲው እኔ እሰጥሻለሁ።»

«በየቀኑ ከየት ታመጫለሽ? ክረምቱን አብሬያቸው እሆናለሁ፤ አንድ ፍራሽ እንጋራለን። ልብሴን ሰው ሲመጣ ላኪልኝ።» ሀይሚ ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች። «ማን ነው ግን ያፈረሰው?»

ፀሐይነሽ ዙሪያዋን አየች። ሀይደር እርጥብ ሱሪውን እየጨመቀ ነው፤ ቀና ብሎ አያት። ሌሎቹም አዩዋት።

«ወረዳ ነው» አለች።

«ታዲያ አንቺ አባል አይደለሽም እንዴ? እዚያ እየገባሽ ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ አንድ ቀን እንኳ ለምን ተነስተሽ አትነግሪያቸውም?»

«እሺ» አለች ፀሐይነሽ። «እነግራቸዋለሁ።»